የብሪታንያ የልማት ዕርዳታ፦ ገንዘቡ ሲያጥር ማን ይቀድማል?

አንድ መንግሥት ለውጭ አገሮች በሚሰጠው የልማት ዕርዳታ ምን እንደሚያስቀድም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የስትራቴጂ ሰነድ ነው። በሰነዱ ውስጥ ድህነትን መቀነስ፣ የሴቶችና የልጃገረዶች መብት፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ የነፍስ አድን ዕርዳታ፣ ሰላም፣ ንግድና ኢንቨስትመንት በየተራ ይዘረዘራሉ፤ የቀረ ነገር ስለማይኖርም አንባቢው ማን ከማን እንደሚቀድም ሳይገባው ሰነዱን ይዘጋል። በዚህ ማብራሪያ የምንከተለው መንገድ ሌላ ነው። የብሪታንያን መንግሥት ወስደን፣ ገንዘቡ ባጠረባቸው ዓመታት የትኛው ወጪ አስቀድሞ እንደተከፈለና የትኛው እንደተቆረጠ እንመለከታለን። ብሪታንያ ለዚህ የምትመች አገር ናት፤ የዕርዳታዋን መጠን ከብሔራዊ ገቢዋ ጋር በሕግ ካሰሩት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት፣ ያንኑ መጠን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለመቀነስ ወስናለች፣ ሒሳቧንም በየዓመቱ በዝርዝር ታሳትማለች። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መቶኛው ምን ይቆጥራል?

የነገሩ መነሻ 0.7 በመቶ የሚለው ቁጥር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በኦክቶበር 1970 ባሳለፈው ውሳኔ የበለጸጉ አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው ቢያንስ 0.7 በመቶውን ለልማት ዕርዳታ እንዲያውሉ ጠይቋል። ይህም ማለት አንድ አገር በዓመት ከሚያገኘው ከእያንዳንዱ መቶ ፓውንድ ውስጥ ሰባ ሳንቲሙን ማለትም ሰባ ፔንሱን ይሰጣል ማለት ነው። ውሳኔው አስገዳጅ አልነበረም፤ አብዛኞቹ ሀብታም አገሮችም ደርሰውበት አያውቁም። በ2024 ከዚህ መጠን በላይ የሰጡት ዴንማርክ፣ ሉክሰምበርግ፣ ኖርዌይና ስዊድን ብቻ ነበሩ።

በዚህ መቶኛ ውስጥ ምን እንደሚቆጠርና ምን እንደማይቆጠር የሚወስነው በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ሥር ያለው የልማት ዕርዳታ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው በ1969 ባወጣውና በኋላም ባሻሻለው ትርጓሜ መሠረት፣ አንድ ወጪ ይፋዊ የልማት ዕርዳታ ተብሎ እንዲመዘገብ ዋና ዓላማው በማደግ ላይ ያሉ አገሮችን ኢኮኖሚና ደኅንነት ማሻሻል መሆን አለበት፤ ገንዘቡም በስጦታ ወይም ከገበያው በቀለለ ሁኔታ በሚሰጥ ብድር መልክ መቅረብ ይኖርበታል። የጦር መሣሪያና ወታደራዊ ድጋፍ አይቆጠርም። ስለዚህ ብሪታንያ ለዩክሬን ጦር የምትሰጠው መሣሪያ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ሲሆን፣ ለዩክሬን ሕዝብ የምትሰጠው የሰብዓዊና የበጀት ድጋፍ ግን ይገባበታል።

ከዚህ ትርጓሜ ውስጥ ለኋላ ታሪካችን ወሳኝ የሆነ አንድ አንቀጽ አለ። ለጋሽ አገር በራሱ ምድር የተቀበላቸውን ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ለመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ወራት ለማኖር፣ ለመመገብና ለማስተማር ያወጣውን ገንዘብ በልማት ዕርዳታ ስም መመዝገብ ይችላል። ገንዘቡ ከለጋሹ አገር ድንበር ሳይወጣ ዕርዳታ ተብሎ ይቆጠራል ማለት ነው። ግዴታ ግን አይደለም፤ አውስትራሊያና ሉክሰምበርግ ይህን ወጪ በዕርዳታ መዝገባቸው ላይ አይጨምሩትም።

ሌላው መለየት ያለበት ነገር የሁለትዮሽና የባለብዙ ወገን ዕርዳታ ነው። የሁለትዮሽ የሚባለው ለጋሹ መንግሥት ለየትኛው አገርና ለምን ሥራ እንደሚውል ራሱ የሚወስንበት ሲሆን፣ የባለብዙ ወገን ዕርዳታ ደግሞ እንደ ዓለም ባንክ ወይም እንደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት ላሉ አካላት በመዋጮ መልክ ከተሰጠ በኋላ አከፋፈሉን ተቋሙ የሚወስንበት ነው። ይህ ልዩነት ደረቅ የሒሳብ ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም መዋጮው ብዙውን ጊዜ ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዓመት አስቀድሞ ቃል የሚገባበት በመሆኑ፣ በጀት ሲቆረጥ ቅነሳውን የሚሸከመው ማን እንደሆነ የሚወስነው በአብዛኛው ይኸው ነው።

ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ወይስ የውጭ ጉዳይ ክፍል?

በብሪታንያ ፖለቲካ ውስጥ ዕርዳታው ለማን ጥቅም ይዋል የሚለው ክርክር ከስልሳ ዓመታት በላይ በአንድ የቢሮ ጥያቄ ውስጥ ሲንጸባረቅ ኖሯል፤ ዕርዳታውን ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ይምራው ወይስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር? በ1964 የሌበር ፓርቲው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን የባሕር ማዶ ልማት ሚኒስቴርን አቋቁመው ባርባራ ካስልን ሾሙበት። በ1970 ሥልጣን የያዙት ኮንሰርቫቲቮች ሚኒስቴሩን ከውጭ ጉዳይ ጋር ቀላቀሉት፤ በ1974 ሌበር ተመልሶ ለየው፤ በ1979 ማርጋሬት ታቸር እንደገና አዋሐዱት። የዕርዳታው መጠንም በዚያ ዓመት ከብሔራዊ ገቢው ግማሽ በመቶ ገደማ የነበረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሩብ በመቶ አካባቢ ወረደ።

ከዚያ ዘመን ሁሉ ትምህርት ሰጪው በማሌዥያ የተሠራው የፐርጋው ግድብ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ብሪታንያ ለማሌዥያ በብዙ መቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ የሚያወጣ የጦር መሣሪያ ለመሸጥ ስትደራደር፣ በመከላከያ ሚኒስትሩ በተፈረመ ሰነድ ላይ የመሣሪያ ሽያጩና የዕርዳታው ጉዳይ ተያይዘው ሰፈሩ። በኋላም ለግድቡ 234 ሚሊዮን ፓውንድ ከዕርዳታ በጀት ተፈቀደ። የዕርዳታ መሥሪያ ቤቱ ከፍተኛው ሲቪል ሠራተኛ ግድቡ ከሌሎች የኃይል ምንጮች ጋር ሲወዳደር አዋጭ እንዳልሆነ ገልጸው ስለተቃወሙ ሚኒስትሩ ሥራው እንዲቀጥል በጽሑፍ ትእዛዝ መስጠት ነበረባቸው። አንድ የዜጎች ማኅበር ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ፣ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 1994 ክፍያው ሕገ ወጥ ነው ሲል በየነ። ፍርዱ የተመሠረተው በ1980 የወጣው ሕግ ዕርዳታ የሚፈቅደው ለልማት ዓላማ ሲሆን፣ በኢኮኖሚ ረገድ ጤነኛ ያልሆነ ፕሮጀክት ግን በዚያ ዓላማ ሥር ሊገባ አይችልም በሚል ነበር።

የፐርጋው ጥላ ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ ቀርጾታል። ቶኒ ብሌር በ1997 የዓለም አቀፍ ልማት ሚኒስቴርን ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አድርገው ሲያቋቁሙ ክሌር ሾርት የካቢኔ መቀመጫ ይዘው ሚኒስትር ሆኑ። በ2001 በዕርዳታ ገንዘብ የሚገዛ ዕቃና አገልግሎት ከብሪታንያ ኩባንያዎች ብቻ ይገዛ የሚለው ቅድመ ሁኔታ ቀረ። በ2002 የወጣው የዓለም አቀፍ ልማት ሕግ ደግሞ ሚኒስትሩ ዕርዳታ መስጠት የሚችሉት ድህነትን ለመቀነስ ይረዳል ብለው ሲያምኑ ነው ሲል ደነገገ፤ በ2014 በተጨመረው ማሻሻያም ዕርዳታው በሴቶችና በወንዶች መካከል ያለውን የእኩልነት ልዩነት ለማጥበብ ምን እንደሚረዳ አስቀድሞ እንዲመዘን ግዴታ ተጣለ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ክፍተት አለ። የ2002ቱ ሕግ የሚገዛው በዚያ ሕግ ሥልጣን የሚወጣውን ገንዘብ ነው። ሌሎች ሚኒስቴሮች በራሳቸው ሕግ የሚያወጡት ገንዘብ ከላይ የተጠቀሰውን የኮሚቴውን ትርጓሜ ካሟላ በዕርዳታ ስም ይቆጠራል፣ ድህነትን የመቀነስ ሕጋዊ መስፈርቱ ግን አይመለከተውም። ከ2015 ወዲህ የዕርዳታው ክፍል ለንግድ፣ ለሳይንስ፣ ለጤናና ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሮች እየተከፋፈለ ሲሄድ፣ በ2019 ከአጠቃላዩ ከሩብ በላይ የሚሆነው ከልማት ሚኒስቴሩ ውጭ ይወጣ ነበር።

ጁን 16 ቀን 2020 ቦሪስ ጆንሰን ሚኒስቴሩን ከውጭ ጉዳይ ጋር እንደሚያዋሕዱ ለፓርላማ ሲያስታውቁ፣ የብሪታንያ ዕርዳታ ለረጅም ጊዜ የአገሪቱን ጥቅም ሳይጠይቅ ገንዘብ እንደሚያወጣ ትልቅ ማሽን ሲታይ ኖሯል የሚል ይዘት ያለው ንግግር አድርገዋል። የተዋሐደው መሥሪያ ቤት የውጭ ጉዳይ፣ የኮመንዌልዝና የልማት ሚኒስቴር ተብሎ በሴፕቴምበር 2020 ሥራ ጀመረ። ሌበር በ2024 ሥልጣን ሲይዝ እንደ 1964ቱና እንደ 1997ቱ ይለየዋል ብለው የጠበቁ ነበሩ፤ አልለየውም።

ወለል የነበረው ቁጥር እንዴት ጣሪያ ሆነ?

ብሪታንያ 0.7 በመቶ ላይ የደረሰችው በ2013 ነው፤ በዴቪድ ካሜሮን ጥምር መንግሥት ዘመን፣ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ከባድ የበጀት ቅነሳ ላይ በነበሩበት ወቅት። በ2015 የወጣው ሕግ ይህን ቋሚ ግዴታ አደረገው። ሕጉ ግን ለቁም ነገር የሚያገለግል ጥርስ የለውም። ግቡ ካልተሟላ ሚኒስትሩ ምክንያቱን ለፓርላማ በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ የኢኮኖሚ ሁኔታ፣ የመንግሥት ገቢና ወጪ እንዲሁም ከአገር ውጭ የተፈጠረ ሁኔታ እንደ ምክንያት ሊጠቀሱ እንደሚችሉ ሕጉ ራሱ ይዘረዝራል፤ ተጠያቂነቱም ለፓርላማ ብቻ ስለሆነ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ ክፍያውን ማስገደድ አይቻልም። ሕጉ እስከ ዛሬ አልተሻረም። መንግሥት ከ2021 ጀምሮ ከግቡ በታች እየሰጠ በየዓመቱ ማብራሪያ ያቀርባል፤ በእኔ አስተያየት ይህ ግዴታን በሕግ ጽፎ መውጫውን በዚያው ሕግ የማዘጋጀት ግልጽ ምሳሌ ነው።

ከገቢ ጋር የታሰረ ግብ አንድ ጥቅምና አንድ ጉዳት አለው። ጥቅሙ በየዓመቱ በካቢኔ ውስጥ ለዕርዳታ መሟገትን ማስቀረቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ኢኮኖሚው ሲቀንስ ዕርዳታውም በራሱ መቀነሱ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ የዓለም ችግር በባሰበት ሰዓት። በ2020 ወረርሽኙ የብሪታንያን ገቢ ሲያሽቆለቁል መቶኛው ሳይነካ በዓመቱ አጋማሽ 2.9 ቢሊዮን ፓውንድ ከዕቅዱ መቀነስ አስፈለገ። ከዚያም በኖቬምበር 2020 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሪሺ ሱናክ መቶኛውን ራሱን ከ2021 ጀምሮ ወደ 0.5 እንደሚያወርዱ አስታወቁ፤ የልማት ሚኒስትር ዴኤታዋ ሊዝ ሱግ በዚሁ ምክንያት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በጁላይ 2021 የታችኛው ምክር ቤት ቅነሳውን 333 ለ298 በሆነ ድምፅ ሲያጸድቅ፣ ከተቃወሙት መካከል የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ይገኙበት ነበር። ወደ 0.7 ለመመለስ ሁለት መስፈርት ተቀመጠ፤ መንግሥት ለዕለት ተዕለት ወጪ የማይበደርበትና ዕዳው ከኢኮኖሚው አንጻር መቀነስ የሚጀምርበት ጊዜ መምጣት አለበት።

ቅነሳው ሲፈጸም ማን እንደተነካ መመልከት ከማንኛውም የፖሊሲ ሰነድ የበለጠ ያስረዳል። ለድሃ አገሮች ለሚያበድረው የዓለም ባንክ ክፍል ለልማት ማኅበሩና ለክትባት ጥምረቱ ለጋቪ የተገባው ቃል ለዓመታት የታሰረ ስለነበር ብዙም አልተነካም። የተቆረጠው በየዓመቱ የሚታደሰውና ውል የማያስረው ነበር። ለተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ አቅርቦት ሊሰጥ ከታቀደው 154 ሚሊዮን ፓውንድ 85 በመቶው ቀረ፤ ለፖሊዮ ማጥፊያ ዘመቻ የሚሰጠው 95 በመቶ ተቀነሰ፤ ለየመን በ2021 ቃል የተገባው 87 ሚሊዮን ፓውንድ ከዓመት በፊት ከተገባው 164 ሚሊዮን በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። መንግሥት በዚያው ዓመት የልጃገረዶችን ትምህርትና የሥነ ተዋልዶ ጤናን ቀዳሚ ጉዳዮቼ ናቸው ይል ነበር፤ ውሸት ነበር ማለት አይቻልም፣ ሆኖም ቃል ኪዳን የታሰረለት ወጪ ምርጫ ከሆነው ወጪ እንደሚቀድም ታይቷል።

በ2022 ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የሩሲያ ወረራ የዩክሬን ስደተኞችን ሲያመጣ፣ የጥገኝነት ማመልከቻዎች ምርመራ በመጓተቱም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሆቴል መኖር ጀመሩ። በአገር ውስጥ ለስደተኞች የሚወጣው ዕርዳታ በ2016 ከጠቅላላው ሦስት በመቶ አካባቢ ነበር። በ2022 ግን ወደ 3.7 ቢሊዮን ፓውንድ ደርሶ ከጠቅላላው ዕርዳታ 29 በመቶ ገደማ ወሰደ፤ በ2023 ደግሞ 4.3 ቢሊዮን ፓውንድ ሆነ። የሆቴሉን ሒሳብ የሚከፍለው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው፤ ወጪው የሚወሰነው በሚመጣው ሰው ብዛትና በሆቴሉ ዋጋ ስለሆነ ጣሪያ የለውም። ለጠቅላላው ዕርዳታ ግን 0.5 በመቶ የሚል ጣሪያ ነበረ። በዚህ ዓይነት አደረጃጀት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚያገኘው ሆቴሉ ከተከፈለ በኋላ የተረፈውን ብቻ ነው።

ውጤቱም ወዲያው ታየ። በ2022 አጋማሽ አስፈላጊ ያልሆኑ የተባሉ አዳዲስ ክፍያዎች ለወራት ታገዱ፤ ከዓመቱ መጨረሻ በፊት የገንዘብ ሚኒስትሩ ጄረሚ ሃንት ለሁለት የበጀት ዓመታት 2.5 ቢሊዮን ፓውንድ መጨመር ግድ ሆነባቸው። በ2023 የብሪታንያ ዕርዳታ 0.58 በመቶ ላይ የደረሰው በዚህ ጭማሪ ምክንያት ነው። በመቶኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ያን ዓመት የልግስና ዓመት ሊለው ይችላል። ዕርዳታን የሚመረምረው ገለልተኛ ኮሚሽን አሠራሩ ለቁጠባ የማያነሳሳ መሆኑን አጥብቆ ተችቷል፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በሌላው በጀት የሚከፈል ሆቴል ለመደራደር ምን ያስጨንቀዋል?

ሰነዶቹ ምን ይሉ ነበር?

የስትራቴጂ ሰነዶቹን ፈጽሞ መናቅም አይገባም፤ የሚጨመረው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ያመለክታሉ። የ2015ቱ ስትራቴጂ አራት ዓላማዎችን ሲያስቀምጥ ከፊት ያደረገው ሰላምን፣ ደኅንነትንና መልካም አስተዳደርን ነበር፤ የልማት ሚኒስቴሩ በጀት ግማሽ ያህልም ለተሰባበሩና ግጭት ለሚያምሳቸው አገሮች እንዲውል ወስኗል። በሊዝ ትረስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ዘመን በሜይ 2022 የወጣው ደግሞ ኢንቨስትመንትን ከፍ አደረገ፤ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲዲሲ ይባል የነበረውና ከ1948 ጀምሮ ያለው የመንግሥት የኢንቨስትመንት ኩባንያ ብሪቲሽ ኢንተርናሽናል ኢንቨስትመንት ተብሎ ስሙ ተቀይሯል። የልማት ሚኒስትሩ አንድሩ ሚቸል በኖቬምበር 2023 ያወጡት ነጭ ወረቀት የሚባለው የፖሊሲ ሰነድ ደግሞ አስከፊ ድህነትንና የአየር ንብረት ለውጥን ወደ ፊት መለሰ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰነድ፤ እያንዳንዱም የቀደመውን በስም ሳይነቅፍ አቅጣጫ ቀይሯል።

የአየር ንብረት ፋይናንስ ሒሳብ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ብሪታንያ ከ2021 እስከ 2026 ባሉት አምስት የበጀት ዓመታት 11.6 ቢሊዮን ፓውንድ ለዚሁ ጉዳይ ለመስጠት ቃል ገብታ ነበር። ጠቅላላው ዕርዳታ ሲቀንስ ይህን ቃል መፈጸም ከበደ፤ በ2023 መንግሥት የአቆጣጠር ዘዴውን ቀይሮ የነፍስ አድን ዕርዳታን፣ ለልማት ባንኮች የሚሰጠውን መዋጮና የኢንቨስትመንት ኩባንያውን ሥራ ከፊል በአየር ንብረት ስም መቁጠር ጀመረ። ገለልተኛው ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ግምገማ ይህ ለውጥ ብቻ 1.7 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚጨምር አስልቷል። ከዚያ ውስጥ አዲስ ገንዘብ አልነበረም። አንድን ወጪ ሁለት ስም መስጠት በዕርዳታ ሒሳብ ውስጥ የተፈቀደ ነገር ነው፤ አንድ ፕሮጀክት የሴቶችም የአየር ንብረትም ሊሆን ይችላልና። ቁጥሮቹን የሚደምር አንባቢ ግን ይጠንቀቅ።

የአገር ውስጥ ጋዜጦችም ድርሻ አላቸው። በጃንዋሪ 2017 ለኢትዮጵያ ልጃገረዶች በሙዚቃና በሬዲዮ ድራማ ይሠራ የነበረ ፕሮግራም በአንድ ብዙኃን አንባቢ ባለው የብሪታንያ ጋዜጣ ከተብጠለጠለ በኋላ የልማት ሚኒስቴሩ ድጋፉን አቋርጧል፤ የምክንያቱ መግለጫ ገንዘቡን በተሻለ መንገድ ማዋል ይቻላል የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ከብሪታንያ የሁለትዮሽ ዕርዳታ ቀዳሚ ተቀባዮች አንዷ ነበረች፤ በ2019ም ፓኪስታን፣ ኢትዮጵያና አፍጋኒስታን እያንዳንዳቸው 300 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ በማግኘት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቦታዎች ይዘው ነበር። ለህንድ የሚሰጠው የተለመደ የገንዘብ ዕርዳታ በ2015 እንዲያበቃ በ2012 ሲወሰንም፣ የራሷን የጠፈር ፕሮግራም ለምትመራ አገር ለምን እንሰጣለን የሚለው የጋዜጦች ጥያቄ ከውሳኔው በፊት ለዓመታት ሲሰማ ኖሯል።

የ2025ቱ ውሳኔ

ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር የመከላከያ ወጪን ከ2027 ጀምሮ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ወደ 2.5 በመቶ እንደሚያሳድጉ፣ ለዚህም የሚያስፈልገው ገንዘብ ዕርዳታውን ከ0.5 ወደ 0.3 በመቶ በማውረድ እንደሚገኝ ለምክር ቤቱ ገለጹ። በዚያው ንግግር ዩክሬን፣ ጋዛና ሱዳን ትኩረት እንደማይነፈጋቸው ተናግረዋል። የልማት ሚኒስትሯ አናሊዝ ዶድስ ከሦስት ቀን በኋላ ሥልጣናቸውን ሲለቁ በጻፉት ደብዳቤ፣ ቅነሳው ይህን ያህል ከሆነ የተጠቀሱትን ጉዳዮች ሁሉ ጠብቆ ማቆየት እንደማይቻል አመለከቱ። ቦታቸውን የያዙት ጄኒ ቻፕማን ናቸው። ውሳኔው በ2027/28 የበጀት ዓመት ዕርዳታውን ወደ 9.2 ቢሊዮን ፓውንድ አካባቢ ያወርደዋል፤ በ2024 የነበረው 14.1 ቢሊዮን ነበር። በመቶኛ ሲሰላም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ዝቅተኛው ነው። ብሪታንያ በዚህ ብቻዋን አይደለችም፤ አሜሪካ ከዚያ በሚብስ ፍጥነት የራሷን የዕርዳታ ድርጅት አፍርሳለች፣ ጀርመንና ፈረንሳይም ቀንሰዋል።

አዲሷ ሚኒስትር አራት ለውጦችን በተደጋጋሚ አስረድተዋል፤ ከለጋሽነት ወደ ባለሀብት አጋርነት፣ አገልግሎት ከማቅረብ ሥርዓትን ወደ መደገፍ፣ ገንዘብ ከመስጠት ሙያን ወደ ማካፈል፣ ከውጭ ከሚመጣ አስፈጻሚ ወደ አገሬው ተቋማት። ቀዳሚ የተባሉት ዘርፎችም የነፍስ አድን ዕርዳታ፣ ጤናና የአየር ንብረት ሲሆኑ ኢኮኖሚያዊ ልማት መሠረታቸው ነው ተብሏል። ሐሳቡ ባዶ አይደለም፤ ብዙ የአፍሪካ መንግሥታት ራሳቸው ሆስፒታሎቻቸውን በየዓመቱ በሚቆረጥና በሚቀጠል ገንዘብ ማስተዳደር እንደሰለቻቸው ይናገራሉ። የሚያጠራጥረው ጊዜው ነው። ሥርዓትን መደገፍ ርካሽ ስለሆነ ተመረጠ ወይስ የተሻለ ስለሆነ የሚለውን ቅነሳው ራሱ አዳፍኖታል። መንግሥት በጁላይ 2025 ያሳተመው የተጽዕኖ ግምገማም በአፍሪካ፣ በትምህርትና በሴቶች ጤና ላይ የሚወጣው እንደሚቀንስ ያሳያል።

የቀደመው ልምድ እዚህም ተደግሟል። ለዓለም ባንክ የልማት ማኅበር በ2024 መጨረሻ ለሦስት ዓመት ቃል የተገባው 1.98 ቢሊዮን ፓውንድ ከቅነሳው ውሳኔ በፊት ስለተፈጸመ ጸንቷል። ለጋቪ በጁን 2025 ለአምስት ዓመት 1.25 ቢሊዮን ፓውንድ ቃል ተገባ፤ ቀደም ካለው ዙር 1.65 ቢሊዮን ያነሰ ቢሆንም ብሪታንያ ከትልልቆቹ ለጋሾች መካከል ቀጥላለች። ኤድስን፣ ሳንባ ነቀርሳንና ወባን ለመዋጋት ለተቋቋመው ግሎባል ፈንድ የሚሰጠውም ከአንድ ቢሊዮን ወደ 850 ሚሊዮን ፓውንድ ወርዷል። ጠቅላላው በጀት ከሲሶ በላይ ሲያንስ እነዚህ የቀነሱት ከዚያ ባነሰ መጠን ስለሆነ፣ ልዩነቱን የሚሸፍነው በየአገሩ የሚሠራው የሁለትዮሽ ፕሮግራም ይሆናል፤ ትምህርት ቤቶች፣ የውኃና የንጽሕና ሥራዎች፣ የአካባቢ ጤና አገልግሎት በአብዛኛው በዚህ ውስጥ ናቸው።

የሆቴሉ ሒሳብም አልተፈታም። በአገር ውስጥ ለስደተኞች የወጣው በ2024 ወደ 2.8 ቢሊዮን ፓውንድ ወርዷል፤ ያ መጠን ባለበት ቢቀጥልና ጠቅላላው 9.2 ቢሊዮን ቢሆን ከእያንዳንዱ አሥር ፓውንድ ሦስቱ ከብሪታንያ ሳይወጣ ይቀራል። የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ በጁን 2025 ባቀረቡት የወጪ ዕቅድ በሆቴል ማኖር በዚህ የፓርላማ ዘመን ፍጻሜ እንዲያበቃ ቃል ገብተዋል። ቃሉ በጊዜው ከተፈጸመ ጣሪያው ሳይነካ ለውጭ ፕሮግራሞች የሚተርፈው ይጨምራል፤ ካልተፈጸመ ግን አዲሶቹ ቅድሚያዎች የሚከፈሉት እንደ ቀድሞው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሒሳቡን ከዘጋ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ በ2027/28 በጀት ላይ ለአንድ የአፍሪካ አገር የተመደበውን ለመገመት የሚፈልግ ሰው፣ ከልማት ስትራቴጂው በፊት በእንግሊዝ ሆቴሎች ውስጥ ያሉትን የጥገኝነት ጠያቂዎች ብዛት የሚያሳየውን፣ በየሩብ ዓመቱ የሚወጣውን ሠንጠረዥ ቢያይ ይሻለዋል።